ተጫዋቹ ተሻሻለ ወይስ ቤት ቀየረ? ኮርነርባክን የመመዘኛ ንጽጽር

እሑድ ከሰዓት በኋላ አማቴ ቤት ነን። ቡና ተፈልቷል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የዋሽንግተን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ጨዋታ አለ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «ጋሼ፣ አምና በየጨዋታው ሲታለፍ የነበረው ይኸው ልጅ አይደለም እንዴ? ዘንድሮ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የበረታው?» አለኝ። በቃል ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሆነም። ወደ ረከቦቱ ዞርኩና ሰባት ሲኒ አንሥቼ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ፤ አራቱን ከፊት፣ ሦስቱን ከኋላ። ከኋላ ካሉት መካከል ዳርና ዳር የቆሙት ሁለቱ ኮርነርባኮች፣ የመሃሉ ደግሞ ሴፍቲ የሚባለው የመጨረሻ ጠባቂ መሆኑን ነገርኩት። ወሬዬን ሳልጨርስ አማቴ ጎንበስ ብለው የመሃሉን ሲኒ አነሡ፤ ቡና ቀዱበትና ለጎረቤታቸው አቀበሉ።

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ፈልጌም አላገኝም ነበር። የዳሩ ሲኒ ካለበት አልተነቃነቀም፤ አልሰነፈም፤ አላረጀም። ነገር ግን መሃሉ ባዶ ስለሆነ፣ ወደ ውስጥ ከሚታጠፈው ሯጭ ጋር ብቻውን ቀርቷል። ቁጥር የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ «ይህ ኮርነርባክ ዘንድሮ ወርዷል» ብሎ ይጽፍበታል።

ስለዚህ በሁለት ኮርነርባኮች መካከል ስትመርጡ፣ ወይም የአንዱን የአምናና የዘንድሮ ጨዋታ ስታወዳድሩ፣ ምን ሠራ ከማለት በፊት ምን እንዲሠራ ታዘዘ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ጥያቄ ዝርዝር ነው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ላስቀድም፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ወርዱ 53 ያርድ ከአንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 49 ሜትር ገደማ ነው። ኮርነርባክ በዚህ ወርድ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን ሪሲቨር ይከላከላል። ሪሲቨሩ የት ላይ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮርነርባኩ አያውቅም። ሪሲቨሩ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ኮርነርባኩ ብዙውን ጊዜ የኋሊት ይጀምራል። በእኛ እግር ኳስ የመስመር ተከላካይ ቢታለፍ ሌላው ይደርስለታል ብለን እንጽናናለን። እዚህ አንዴ የታለፈ ኮርነርባክ ብዙ ጊዜ የሚያየው የሪሲቨሩን ጀርባ ነው፤ ያውም ካሜራ ፊቱ ላይ ተተክሎ።

አራት ቤቶች

የመከላከል ስልቶችን በስም መዘርዘር ማለቂያ የለውም፤ አሰልጣኞችም በአንድ ጨዋታ ውስጥ እየቀላቀሉ ይጠቀሙባቸዋል። ኮርነርባክን ለመመዘን ግን አራት ቤቶችን፣ ማለትም አራት የስልት ወገኖችን፣ መለየት ይበቃል ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ሰው በሰው ነው። ኮርነርባኩ ከሪሲቨሩ ፊት ለፊት፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይቆማል። ኳሱ ሲነሣ በእጁ ደረቱን ገፍቶ አካሄዱን ያዛባበታል፤ ከዚያ ዞሮ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል፣ ሕጉ ይህን መገፋፋት የሚፈቅደው በመጀመሪያዎቹ 5 ያርዶች ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከገፋው ዳኛው ቢጫ ጨርቁን ይወረውራል። እዚህ ቤት የሚፈለገው ፈጣን እግር፣ ቶሎ የሚዞር ዳሌና የቅድሙን ጥፋት መርሳት የሚችል ልብ ነው። አርአያው ዳሬል ሪቪስ ነበር። በ2009 በሬክስ ራያን ሥር ለኒው ዮርክ ጄትስ ሲጫወት፣ በየሳምንቱ የተጋጣሚውን ምርጥ ሪሲቨር ይሰጡታል፤ ሪሲቨሩ ግራ ቢሄድ ግራ፣ ቀኝ ቢሄድ ቀኝ ይከተለዋል። ራንዲ ሞስም አንድሬ ጆንሰንም በዚያ ዓመት ፊቱ ቆመዋል። ራያን አንዱን ዳር ለሪቪስ ብቻ ጥሎ፣ የተረፈውን ሰው ኳስ ወርዋሪውን፣ ኳርተርባኩን፣ ለማሳደድ ይልክ ነበር። የአንድ ተጫዋች ችሎታ የሌሎቹን አሥር ሰዎች ሥራ ሲቀይር ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ከቨር ስሪ የሚባለው፣ እኔ ምንጣፉ ላይ በሲኒ የሠራሁት ነው። የኋላው ሜዳ ለሦስት ይከፈላል፤ ኮርነርባኩ የዳሩን አንድ ሦስተኛ ይይዛል። በፒት ካሮል ዘመን ሲያትል ሲሆክስ ይህን ቤት የራሱ አደረገው። እዚያ ኮርነርባክ ረጅም መሆን ነበረበት፤ ክንዱ 32 ኢንች ያልደረሰ ልጅ በድራፍት፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡትን በተራ በሚመርጡበት፣ ዕድሉ የመነመነ ነበር። ሪቻርድ ሸርማንን እንመልከት። በ2011 ድራፍት በአምስተኛው ዙር፣ 154ኛ ሆኖ ተመረጠ። ቁመቱ 6 ጫማ ከ3 ኢንች ነው፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሪሲቨር ነበር፤ 40 ያርድ ለመሮጥ ከ4.5 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ቀኑን ሙሉ ሰው በሰው ለሚጫወት ቡድን ይህ ሩጫ ያሳስባል። ሲያትል ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነበር፦ በግራው ዳር ቁም፣ ሪሲቨሩን ከጠርዙ መስመር ጋር አጣብቀው፣ ዓይንህን ኳርተርባኩ ላይ አድርግ፣ ወደ መሃል ለሚሄደው ኧርል ቶማስ አለልህ። በ2012 ስምንት፣ በ2013 ደግሞ ስምንት ጊዜ የተጋጣሚን ኳስ ነጠቀ። ኧርል ቶማስ ያቺ አማቴ ያነሧት ሲኒ ነው። እሱ ባይኖር ሸርማን ስንት ይነጥቅ ነበር የሚለውን አስቡት።

ሦስተኛው ሁለት ሴፍቲ ወደ ኋላ አርቆ የሚያስቀምጠው፣ በዘመናችን ከአሰልጣኝ ቪክ ፋንጂዮ ስም ጋር የተያያዘው ስልት ነው። ኮርነርባኩ ከሪሲቨሩ ሰባት ስምንት ያርድ ርቆ ይቆማል። አይቸኩልም። አጭሩን ኳስ ይፈቅድና ወዲያው ደርሶ ይጥላል፤ ረጅሙን አይፈቅድም። ይህ ቤት ለትዕግሥተኛና አእምሮው ለሰላ ልጅ የተሠራ ነው፤ በጉልበቱ የሚመካ ኮርነርባክ እዚህ ሲሰለቸው ይታያል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ሳይታዘዝ ወደ ፊት ይዘላል።

አራተኛው የቀድሞው የታምፓ ቤይ ቡድን ቤት ነው፤ አጭር አደርገዋለሁ። ኮርነርባኩ አጭሩን የዳር ክልል ይጠብቃል፤ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሯጭ ሲመጣም በትከሻው ይገጥማል። ሮንዴ ባርበር ቁመቱ 5 ጫማ ከ10 ኢንች ሆኖ፣ 16 ዓመት በአንድ ቡድን ተጫውቶ፣ 47 ኳስ ነጥቆ፣ ኳርተርባኮችን 28 ጊዜ ጥሎ በ2023 የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ሲያትል ቢሆን በሜትር ለክቶ በሩ ላይ ይመልሰው ነበር።

ከቤት ወደ ቤት የሄዱት

ንጽጽሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ተጫዋች ሲዛወር ነው። እኔ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

ናምዲ አሶሙጋ በኦክላንድ ሬይደርስ ዓመታት በአንድ ዳር ቆሞ ሰው በሰው ይጫወት ነበር። ኳርተርባኮች ወደ እሱ በኩል መወርወሩን እስከ መተው ደረሱ። በ2011 ፊላደልፊያ ኢግልስ የ5 ዓመት የ60 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። እዚያ የመከላከሉን ሥራ የያዘው ሁዋን ካስቲዮ ከዚያ በፊት የማጥቃት መስመር አሰልጣኝ የነበረ ሰው ነው። አሶሙጋን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ዞን፣ ማለትም ከሰው ይልቅ ክልል፣ አስያዙት፤ ከሳምንት ሳምንት ቦታውን ቀያየሩበት። ካስቲዮ በ2012 አጋማሽ ተሰናበተ፤ አሶሙጋም ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ2013 ተለቀቀ። ዕድሜውም 30 አልፎ ስለነበር ፍጥነቱ መቀነሱ አይካድም። ነገር ግን በአንድ ክረምት ምርጥ የነበረ ሰው በሚቀጥለው መኸር መጫወት የረሳ ሲመስል፣ የእግሩ ፍጥነት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ባይረን ማክስዌልም ከሲያትል ወደዚያችው ፊላደልፊያ ነው የሄደው። በ2015 የ6 ዓመት የ63 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፤ በዓመቱ ወደ ማያሚ ተሸጋገረ። ሲያትል ሳለ አንድ ዳር ሸርማን ይዞለት ነበር፤ መሃሉን ኧርል ቶማስ። ፊላደልፊያ የገዛችው አንዱን ሲኒ ነው፤ ረከቦቱ ሲያትል ቀርቷል።

ጆሽ ኖርማን ለእኛ በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖረው ቅርብ ነው። በካሮላይና ፓንተርስ በ2013 ከተጠባባቂ ወንበር አልፎ ብዙ አልታየም፤ በ2015 ግን ቡድኑ 15 አሸንፎ አንድ ብቻ ሲሸነፍ እሱ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ተባለ። የካሮላይና መከላከል ዞን የሚበዛበት ነበር፤ ፊቱን ወደ ኳርተርባኩ አዙሮ እንዲጫወት ይፈቅድለታል። በ2016 ዋሽንግተን በ5 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በመጀመሪያው ጨዋታ ፒትስበርግ መጣ። አንቶኒዮ ብራውን 8 ኳስ ተቀብሎ 126 ያርድና ሁለት ተችዳውን (ኳስ ይዞ ነጥብ ክልል መግባት) ሠራ፤ ኖርማን ግን አብዛኛውን ጊዜ በያዘው ዳር ቆሞ ቀረ፤ ብራውን ሌላው ዳር ላይ ነበርና። በማግስቱ ከተማው በሙሉ «75 ሚሊዮን የከፈልነው አንድ ዳር እንዲጠብቅ ነው?» አለ። ብዙም ሳይቆይ ሪሲቨሮችን እንዲከተል ተደረገ። ሕዝቡ እንዳለው ሆነ ማለት ነው፤ ሰውየው ግን ካሮላይና ላይ ያንን አልነበረም ሲሠራ የታየው። በ2020 መጀመሪያ ተለቀቀ። እኔም ያኔ ከጮኹት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬ ሳስበው የተጮኸበት ሰው ትክክለኛው አልነበረም።

አራተኛው ራሱ ሸርማን ነው፤ እሱ ግን ያወቀበት ሰው ነው። በ2017 የተረከዙ ጅማት ተበጠሰና ሲያትል ለቀቀው። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሄድ የመከላከሉ አሰልጣኝ ሮበርት ሳላህ ነበር፤ ቀደም ሲል በሲያትል አሰልጣኞች መካከል የሠራ ሰው። ስልቱ ያው፣ ዳሩ ያው። በ31 ዓመቱ፣ በተጠገነ እግር፣ በ2019 ቡድኑ ለሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ለሱፐር ቦውል ሲደርስ እንደገና ከሊጉ ምርጦች ተርታ ተቆጠረ። አሶሙጋንና ሸርማንን በዚህ ዓይን ብቻ ብታስተያዩ፣ የዝውውር ዜና ስትሰሙ ከገንዘቡ በፊት የአሰልጣኙን ስም ትጠይቃላችሁ።

ሪቪስንም ማንሣት ይቻላል። በ2013 ታምፓ ቤይ ሲሄድ ከጉልበት ጅማት ጉዳት የተነሣ ነበር፤ ያገኘውም ዞን የሚበዛበት ቤት ነው። በዓመቱ ለቀቁት። ኒው ኢንግላንድ ወስዶ ወደ ለመደው ሰው በሰው መለሰው፤ በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል አሸነፈ። በጉዳት ማግስት ያለን ዓመት ለብቻው መመዘን ስለሚያሳስት፣ እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ዓመት እጠብቃለሁ።

መሻሻሉን በምን እናውቃለን?

ሰው መጀመሪያ የሚያየው ኢንተርሴፕሽንን፣ ማለትም የኳስ ንጥቂያን፣ ነው። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለመመዘኛ ግን አይበጅም። በ2021 የዳላሱ ትሬቮን ዲግስ 11 ኳስ ነጥቆ ሊጉን መራ፤ ኤቨርሰን ዎልስ በ1981 ካስመዘገበው የክለቡ ክብረ ወሰን ጋር እኩል ሆነ። ያን ጊዜ ግን ለመንጠቅ ሲዘል ከኋላው የሚከፍተው ቀዳዳ ሰፊ ነበር፤ በእሱ በኩል የተገኘው ያርድ ቀላል አልነበረም። በ2022 የነጠቀው ሦስት ብቻ ነው። ቁጥሩን ያየ «ወደቀ» አለ። እኔ በ2022 የበለጠ የሚታመን ኮርነርባክ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ መዝለል ያለበትንና የሌለበትን መለየት ጀምሮ ነበርና።

በተቃራኒው ኩዊኒየን ሚቸል አለ። በ2024 ድራፍት ከቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በ22ኛነት ወደ ፊላደልፊያ መጣ፤ በመደበኛው የውድድር ዘመን አንድም ኳስ አልነጠቀም። ዜሮ። ሆኖም በ2023 በውርወራ ብዙ ያርድ ካስወሰዱት መካከል የነበረው ቡድን፣ በ2024 ከሊጉ ሁሉ ትንሹን ያስወሰደ ሆነ፤ አንዱን ዳር የያዘው ይኸው ልጅ ነው። ወደ እሱ ባልተወረወረ ኳስ ንጥቂያ መፈለግ ከብት ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ይሁንና እዚህም ላይ ቤቱን እንዳንረሳ። የፊላደልፊያን መከላከል የያዘው ፋንጂዮ በዚያ ዓመት ሱፐር ቦውል ላይ ተጨማሪ አሳዳጅ አንድም ጊዜ ሳይልክ፣ በፊት መስመሩ ብቻ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ስድስት ጊዜ አስጥሎታል። ይህ ለኮርነርባክ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። 40 ያርድ በ4.5 ሰከንድ የሚሮጥ ሪሲቨር በግማሽ ሰከንድ 4 ያርድ ገደማ ይሄዳል። አሳዳጆቹ ኳርተርባኩ ጋ ግማሽ ሰከንድ ቀድመው ከደረሱ፣ ኮርነርባኩ አራት ያርድ ያነሰ ሜዳ ይጠብቃል። አራት ያርድ ማለት እዚህ ጨዋታ ላይ በመያዝና በመታለፍ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ ነው። ስለዚህ «ተሻሻለ» የሚባል ኮርነርባክ ሲያጋጥማችሁ፣ ከፊቱ ያሉት አራቱ ሰዎች አምናም እነሱ እንደነበሩ አረጋግጡ።

ከቁጥሮች ሁሉ የምቀበለው በእጁ ጨርፎ ያበላሸውን ኳስ ነው፤ ከንጥቂያ ይልቅ ከዓመት ዓመት ጸንቶ ይታያል። ከዚያ ቀጥሎ ቅጣቱን አያለሁ። የሚይዝና የሚጎትት ኮርነርባክ እግሩ እንደዘገየ በእጁ እየመሰከረ ነው፤ ዘንድሮ ቅጣቱ ከቀነሰና የሚታለፍበት ካልጨመረ፣ መሻሻሉ የራሱ ነው። «ይህን ያህል ያርድ አስወሰደ» የሚለውን ግን በዞን ቤት ለሚጫወት ሰው በጥርጣሬ እቀበለዋለሁ። ሪሲቨሩ በኮርነርባኩና በሴፍቲው መካከል ነፃ ሲወጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ትእዛዙን የሰጠው አሰልጣኝ ነው፤ ቆጣሪው ይገምታል። ሁለት ቆጣሪዎች ለአንዱ ጨዋታ ሁለት የተለያየ ቁጥር የሚጽፉትም ለዚህ ነው።

የቀረው በዓይን የሚታይ ነው፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ኳሱ ሲነሣ የኮርነርባኩን እግር ብቻ እዩ። ሪሲቨሩ በትከሻው ሲያታልል ኮርነርባኩ አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ ማታለያው ከወረወረ አልበሰለም። እግሮቹን ከመሬት ብዙም ሳያርቅ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ሪሲቨሩ ቁርጡን እስኪያሳይ ከጠበቀ በስሏል። ዳሌውን ሲያዞር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያዞረው ወይስ አዙሮ እንደገና ይመልሳል? ኳሱ ከላይ ሲመጣ ጭንቅላቱን ያዞራል ወይስ የሪሲቨሩን ፊት እያየ እጁን ያወናጭፋል? እነዚህ ሦስቱ በአንድ ክረምት ልምምድ ሊለወጡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ ቁመትና የክንድ ርዝመት ግን አይለወጡም።

መሻሻል ምን እንደሚመስል በአንድ ቅጽበት ማየት የሚፈልግ ሰው የ2014ን የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውል መጨረሻ ይመልከት። የኒው ኢንግላንዱ ማልኮም በትለር በድራፍት ማንም ያልመረጠው፣ ከዌስት አላባማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ልጅ ነው። በልምምድ ሳምንት ሲያትል የምትጫወተውን ያንኑ አሰላለፍ አሳይተውት ተበልጦ ነበር፤ ዘግይቶ ደረሰ። በጨዋታው ሲያትል ከነጥብ መስመሩ 1 ያርድ ላይ ደረሰች፤ 20 ሰከንድ ገደማ ቀርቷል። ሁለት ሪሲቨሮች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርበው ቆሙ። በትለር አሰላለፉን አወቀው። ኳሱ ሲነሣ የኋሊት አልሄደም፤ ቀጥታ ወደ ፊት ነጠረ፤ ሪካርዶ ሎኬት ጋ ከመድረሱ በፊት ኳሷን ደረቱ ላይ ነጥቆ ጨዋታውን ዘጋ። ልጁ በዚያ ሳምንት አልፈጠነም፤ አላደገም። ያው ጥያቄ ሁለተኛ ሲቀርብለት መልሱን ያዘ፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል፦ ከፊት የቆመውን ጀርሜን ኪርስን በሁለት እጁ ይዞ ካለበት ያላነቃነቀው ብራንደን ብራውነር ነበር። እሱ መንገዱን ባይጠርግ በትለር ኪርስ ላይ ተጋጭቶ ይቀር ነበር። ብራውነር ደግሞ ከዚያ በፊት የሲያትል ተጫዋች ነበር።

ከኮሌጅ የሚመጣውን ስንመርጥ

በየዓመቱ በጸደይ ድራፍት ሲደርስ የምንከራከርበት ይህ ነው። ከሩጫ ሰዓት በፊት የሜዳውን መስመር እዩ። በኮሌጅ ሜዳ መሃል ላይ ያሉት ሁለት ተርታ ሰረዞች በ40 ጫማ ይራራቃሉ፤ በኤንኤፍኤል ግን 18 ጫማ ከ6 ኢንች ብቻ ነው። ኳሱ አንዱ ሰረዝ ላይ ሲቀመጥ በኮሌጅ አንዱ ዳር 60 ጫማ፣ ሌላው 100 ጫማ ይሆናል። ስለዚህ ሁልጊዜ በጠባቡ ጎን የተጫወተን ልጅ የጠርዙ መስመር እንደ አንድ ተጨማሪ ተከላካይ አግዞታል። በሰፊው ጎን የተጫወተው ቁጥሩ ቢያንስ እንኳ ሥራው ከብዶ ነበር። ቅጣቱም ይለያያል፦ በኮሌጅ ሪሲቨርን ኳስ ሳይደርስ ማደናቀፍ ቢበዛ 15 ያርድ ያስከፍላል፤ በኤንኤፍኤል ኳሱ ጥፋቱ ወደተፈጸመበት ቦታ ይወሰዳል፤ 40 ያርድም ቢሆን።

ሩጫን በተመለከተ ኬለን ባርንስ በ2022 በምልመላ ፈተናው 40 ያርድን በ4.23 ሰከንድ ሮጠ፤ ጉድ ተባለ። በሰባተኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን ሳይጀምር የመረጠው ቡድን ለቀቀው። ይህን ስል ፍጥነት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሰው በሰው ለሚጫወት ቡድን ከ4.5 በላይ የሚሮጥ ልጅ ሲቀርብልኝ እኔም አመነታለሁ። ለፋንጂዮ ዓይነት ቤት ግን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አላመነታም፤ እዚያ ሰዓቱን ሳይሆን ሰው ሲጥል የሚያሳየውን ፊልም አያለሁ።

ኩፐር ዲጂን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ዞን በሚበዛበት መከላከል በዳር ተጫውቶ ነው የመጣው፤ በ2024 በ40ኛነት ተመረጠ። ፊላደልፊያ ወደ ውስጥ፣ ኒክል ወደሚባለው ሦስተኛ የኮርነርባክ ቦታ አስገባችው፤ እዚያ የጠርዝ መስመር የለም፣ ሪሲቨሩ በሁለቱም አቅጣጫ ሊታጠፍ ይችላል፣ ሯጭም መግጠም አለ። በሱፐር ቦውሉ፣ በ22ኛ ልደቱ ቀን፣ የማሆምስን ኳስ ነጥቆ ተችዳውን አደረገው። ዋሽንግተን በዚያው ድራፍት ያደረገችው ተቃራኒውን ነው፦ ሄይቲ የተወለደውን ማይክ ሴንሪስቲልን፣ ሚሺጋን ላይ በኒክልነት የጎላውን፣ በ50ኛነት ወስዳ በመጀመሪያ ዓመቱ ወደ ዳር አወጣችው። ከውስጥ ወደ ዳር መውጣት ለአጭር ልጅ ከባዱ መንገድ ነው። ዳር ላይ የሚታለፍበትን እያየ «ሚሺጋን ሳለ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሰው የሁለት ሥራ ውጤት እያደባለቀ ነው።

ልጃቸው በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚህ ቦታ የሚጫወትላቸው ወላጆችም አሉ። ኮሌጆች ሲጠሩት ከሕንፃውና ከማሊያው በፊት አሰልጣኙን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ኳሱ አሥር ጊዜ ሲነሣ ስንቱን ሰው በሰው፣ ስንቱን ዞን ትጫወታላችሁ? ከዚያ የልጃችሁን ክንድና እግር እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሁለት ቀርበውልኝ አንዱን ምረጥ ብባልስ? በቁጥር እኩል ከሆኑ፣ ከሚመጣበት ቤት ወደሚመሳሰል ቤት የሚሄደውን እወስዳለሁ፤ ዋጋው ቢወደድም። ቤቱ የሚለያይ ከሆነ ወጣቱን እወስዳለሁ፤ እግሩ ገና ይማራል። 29 ዓመት ያለፈውን ኮርነርባክ፣ ዝናው ምንም ያህል ቢገዝፍ፣ አዲስ ስልት ሊያስተምሩት ለሚፈልጉ ሰዎች እተውላቸዋለሁ። ገዝቼ ካመጣሁት በኋላም ከመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች በፊት ፍርድ አልሰጥም፤ በእነዚያም ሪሲቨሩን ከያዘበት ይልቅ ከተታለፈ በኋላ ኳሱ ዳግም ከመነሣቱ በፊት የት እንደሚቆም አያለሁ። አንድ ያርድ ወደ ኋላ ከሸሸ ፈርቷል ማለት ነው።

የባለቤቴን ወንድም ጥያቄ በዚያ እሑድ መመለስ አልቻልኩም። «አሁን ኳሱ ሲነሣ፣ ኳሱን ተውና እግሩን ተመልከት» አልኩት። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። ኮርነርባኩ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ቆሟል። ኳሱ ተነሣ፣ ካሜራው ኳርተርባኩን ተከትሎ ወደ መሃል ሄደ፣ ልጁ ከስክሪኑ ወጣ። አማቴ ሦስተኛውን እየቀዱ፣ የቀሩትን ሲኒዎች ከምንጣፉ ላይ አንድ በአንድ ለቀሙ።